ከጣርማበር በታች ያለው ድምፅ፦ የአማተር ሬዲዮ የሜዳ ልምምድና የይፋት ቆላ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ልምምድ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የአማተር ሬዲዮ ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ መሣሪያቸውን ከቤትና ከቤተ ሙከራ አውጥተው ሜዳ ላይ ይተክላሉ። የከተማ መብራት ሳይጠቀሙ፣ በባትሪ፣ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። በአሜሪካ ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1933 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጁን ወር ይካሄዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትልቅ አደጋ ሲመጣ መብራትና ስልክ ተከታትለው ይጠፋሉ፤ ያን ዕለት ለመሥራት ደግሞ አስቀድሞ የለመደ እጅ ያስፈልጋል።

እኔ የማነሣው ጥያቄ፣ ይህ ልምምድ በአገራችን ቢደረግ የት ይደረግ፣ ምንስ ይለማመድ የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሴ ቀወት ነው። ለሁለተኛው የምሰጠው መልስ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም፤ ከአንቴናው ይልቅ አማርኛውን ነው የምለው።

በአገራችን የአማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ በአምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ይገኛል፤ የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። ኢትዮጵያ በአማተሮች ዘንድ እምብዛም የማትሰማ አገር ስለሆነች፣ ያ ጣቢያ አንድ ጊዜ ጥሪ ሲያሰማ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ብዙ ጣቢያዎች በአንድ አፍ ይመልሱለታል። ከዚያ ሁካታ መካከል አንዱን የጥሪ ምልክት ለይቶ መስማት ከባድ ችሎታ ነው፤ ተማሪዎቻችን ይህን መማራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ግንኙነት የሚለዋወጡት የጥሪ ምልክትና የድምፅ ጥራት ቁጥር ብቻ ነው። ‹‹ሰማሁህ፣ ሰማኸኝ›› ተባብለው ይለያያሉ። ከፈረሰ ክሊኒክ የሚላክ መልእክት በዚህ መንገድ አይላክም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የሄደ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትርን ይሻገራል። ዋሻውን ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ሲወርድ ብርዱ ወዲያው ይለቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ በአየር ሲለካ 165 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በመካከል ግን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ እንደ ግድግዳ ቆሟል። የፖሊስ እጅ ሬዲዮን በመሰለ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሚሠራ መሣሪያ ይህን ግድግዳ ማለፍ አይቻልም፤ እንዲህ ያለው ሞገድ በተራራ ላይ አይጎብጥም። ሰሜንንና መሀል አገርን የሚያገናኘው ዋና መንገድ የሚያልፈውም በዚያው ጠርዝ ነው።

አካባቢው ከምድር መንቀጥቀጥ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን፣ በካራቆሬ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው መንቀጥቀጥ በአገራችን በመሣሪያ ከተመዘገቡት ብርቱዎቹ አንዱ ነው። ዋናው ምት በመለኪያ 6.5 ገደማ ነበር፤ መጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ በብርቱ ተጎዳች፣ ዋናው መንገድም ተሰነጣጠቀ። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያቆዩልን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ከቀወት በስተደቡብ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ስልክ ሲቋረጥ የዘመድን ደኅንነት ማወቅ አለመቻል ምን እንደሚመስል ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ያለፈባችሁ የአካባቢው ልጆች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ግድግዳው በላይ በኩል ይታለፋል። ወደ 7 ሜጋኸርትዝ የሚጠጋ ሞገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቢላክ፣ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው የአዮኖስፌር ክፍል ነጥሮ በዙሪያው ባለው ምድር ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከላይ ለሚወርድ ሞገድ ጣርማበር እንቅፋት አይሆንበትም። መሣሪያውም ውድ አይደለም፤ በሁለት ወገን 10 ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ፣ ከመሬት አራት ወይም አምስት ሜትር ከፍ ብሎ በሁለት የግራር ዛፎች መካከል ቢወጠር ይበቃል። ሽቦው ዝቅ ማለቱ ጉድለት ሳይሆን ሞገዱን ወደ ላይ የሚልክልን ነገር ነው። ከዚህ ቀደም የዕርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ረጃጅም አንቴና ተክለው ከቆላ ወደ አዲስ አበባ ይነጋገሩ የነበረው በዚሁ የአጭር ሞገድ ነው።

እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ጠባይ አላት። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የአባ ጉዋን ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958፣ አዲስ አበባ ላይ እንዲቋቋም ምክንያት የሆነውም ይኸው ነው። በዚህ መስመር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ ይታወካል፤ ድምፅ ይርገበገባል፣ የሳተላይት ምልክት ሳይቀር ይዋዥቃል። ስለዚህ ‹‹የሳተላይት ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን?›› ለሚለኝ ሰው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሁለቱንም ሞክራቸው እለዋለሁ። ለልምምዱም ቢሆን፣ ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሙከራ ቀላሉን ሰዓት ብቻ መርጦ መፈተን ነው። የቆላው ሙቀትም የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ልብ በሉ፤ አምስት ኪሎ ላይ የተሰላ የባትሪ ስሌት ሸዋ ሮቢት ላይ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ግን በመጽሐፍ የተጻፈ ነው፤ ማንኛችሁም ታሰሉታላችሁ። ያልተጻፈው ከማይክሮፎኑ በዚህ ወገን ያለው ነው።

በአጭር ሞገድ የሚተላለፍ ድምፅ ከ300 እስከ 2700 ኸርትዝ ገደማ ባለው ጠባብ በር ያልፋል። በዚያ ላይ ጫጫታ ይጨመርበታል። በዚህ በር ‹‹ሠላሳ›› እና ‹‹ስልሳ›› በሰላም አያልፉም። ‹‹ሠላሳ ብርድ ልብስ ላኩ›› የተባለው ስልሳ ሆኖ ቢጻፍ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ‹‹ስልሳ ቁስለኛ አለ›› የተባለው ሠላሳ ሆኖ ቢጻፍ ግን ግማሹ ሰው መኪና ሳይላክለት ይቀራል። ሰባትና ሰባም እንዲሁ ናቸው። ጠንካራ ድምፆቻችንም ይለሰልሳሉ፤ ‹‹ጎርፍ መጣ›› እና ‹‹ጎርፍ መታ›› በሬዲዮ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሽሹ ማለት ነው፣ ሌላው ቅበሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ችግር የፊደል መጥሪያ ሰንጠረዥ አበጅተው በዓለም ላይ ተስማምተውበታል። እኛ ‹‹አልፋ፣ ብራቮ›› እያልን ካራቆሬን በላቲን ፊደል እንጠራለን፤ የሚጽፈው ሰው ደግሞ መልሶ ወደ ፊደላችን ይገለብጠዋል። ሁለት ጊዜ የመሳሳት ዕድል በገዛ እጃችን እንጨምራለን ማለት ነው።

የሚገርመው መፍትሔው ግማሽ መንገድ ተሠርቶ መቀመጡ ነው። አያቶቻችን ፊደል ሲያስቆጥሩ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ ነበር። ይህ ድምፃቸው የተመሳሰለ ፊደላትን በቃል ለመለየት የተበጀ መጥሪያ ነው። እነርሱ የተጠቀሙበት ለጽሕፈት ጥራት ነው፤ እኛ ለቀሩት ፊደላት ብናስፋፋው፣ ለምሳሌ ጤፉ ጠ፣ ቀወቱ ቀ ብንል፣ የራሳችን ሰንጠረዥ ይኖረናል። ቁጥርን ደግሞ አንድ በአንድ መጥራት ነው፤ ‹‹ሦስት፣ ዜሮ›› ብሎ መድገም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልበል። የታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ብርቱ መንቀጥቀጥ የተከሰተው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ነበር። ዲጂታል ሰዓት 3 ሰዓት ከ52 ይለዋል፤ የሬዲዮ አማተሮች የጋራ ሰዓት ደግሞ 0 ሰዓት ከ52። አንድ ቅጽበት ሦስት ስም አለው። ‹‹ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ውኃ የለም›› የሚል መልእክት የደረሰው የዕርዳታ ሠራተኛ ምን ይገምት? የመልእክት ቅጻችን ላይ የሰዓቱ ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ እስካልታተመ ድረስ ይህን ስሕተት ጎበዝ ተማሪም አያመልጠውም።

መልእክትን በሥርዓት ማስተላለፍ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከቀወት በስተምሥራቅ ያሉት አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ መለዋወጫ አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ። ያዩት ከሰሙት ይለያል፣ ከማን እንደተሰማ ይነገራል፣ የሰማ ሰው ደግሞ የማድረስ ግዴታ አለበት። በመልእክት ቅጻችን ላይ ‹‹ላኪ›› የሚለው መስመር ይኸው ነው። ዳጉን የሚያውቅ የአፋር ተማሪ ካለን፣ የልምምዱን የመልእክት ክፍል እርሱ ቢመራው እመርጣለሁ፤ የእኛ ሰው የሰማውን እንዳየው አድርጎ መናገር ይቀናዋል።

የፈቃድ ጉዳይ ይቀራል። የግል ሬዲዮ ማሠራጫ በአገራችን በጥርጣሬ ሲታይ ኖሯል፤ ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን የአማተር ሬዲዮ ሕግ ራሱ ምስጢራዊ ኮድ መጠቀምን ይከለክላል፤ የሚነገረው ሁሉ ለማንም ጆሮ ክፍት ነው። (ይህ ችግርም አለው፤ የሕመምተኛን ስም በክፍት ሞገድ መጥራት አይገባም።) እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ፣ አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ መንግሥታት ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ ያበረታታል። የህንድን ምሳሌ ላንሣ። በአንዳማን ደሴቶች አማተር ሬዲዮ ለ17 ዓመት ያህል ሳይሰማ ከቆየ በኋላ ባራቲ ፕራሳድ የምትባል አማተር ፈቃድ አግኝታ በ1997 ዓ.ም. ወደ ፖርት ብሌር ሄደች። የሄደችው ለትርፍ ጊዜ ደስታ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን መንቀጥቀጡና ሱናሚው ደሴቶቹን ሲመታ፣ ያ የተተከለ ጣቢያ የደሴቶቹን ወሬ ወደ ዋናው ምድር ያደርስ ጀመር። ፈቃዱ የተሰጠው ከአደጋው በኋላ ቢሆን ኖሮ አንቴናው በሰዓቱ አይቆምም ነበር። በእኛም አገር ማመልከቻው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መቅረብ ያለበት ምድር ጸጥ ባለችበት ወቅት ነው።

የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አንድ ጣቢያ ቀወት ላይ፣ አንድ ደብረ ሲና ላይ፣ አንድ አምስት ኪሎ ላይ ይሁን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማግስቱ 4 ሰዓት ይሠሩ። ነጥብ መቁጠር ይቅር። እያንዳንዱ ጣቢያ ቁጥር፣ የቦታ ስምና ሰዓት ያለባቸው ሃያ መልእክቶች ይላክ፤ ግማሹ ከጀምበር መጥለቅ በኋላ። በማግስቱ የተላከውንና የደረሰውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠን ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ እናስምር። የመጀመሪያው ዓመት ወረቀት በቀይ ቢሞላ አይክፋችሁ፤ የምንሄደው እርሱን ፍለጋ ነው።

የመጥሪያ ሰንጠረዡን ረቂቅ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ። ለጨ ጥሩ ቃል አላገኘሁም፤ ሣጥኑ ባዶ ነው።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።