የተቃጠለ አምፖል የሚጠራቀምበትን ስፍራ በንጽሕና ስለ መጠበቅ

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎችና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የጧፍን ቅሪት መልቀም፣ የፈሰሰውን ሰም ፍቆ እንደገና ማቅለጥ ለአብያተ ክርስቲያናችን አዲስ ሥራ አይደለም። ያለቀ መብራትን መልሶ ለጥቅም ማዋልን ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። ዛሬ የምንነጋገርበት መብራት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በየአዳራሹና በየጽሕፈት ቤቱ የሚበራው ረጅሙ ፍሎረሰንት፣ እንዲሁም ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በአገራችን በሚሊዮን ተቆጥሮ ለሕዝብ የተከፋፈለው ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። መጠኑ ጥቂት ሚሊግራም ነው፤ አምፖሉ ሳይሰበር እስከ ተቀመጠ ድረስም ማንንም አይጎዳም። ሲሰበር ግን ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ከነጩ ዱቄት ጋር በወለል ላይ ይቀራል። ትነቱ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ አፍንጫ አያስጠነቅቅም፣ ዕጣን ማጤስም አያስወግደውም። ይህን አየር ዘወትር የሚተነፍስ ሰው ነርቩና ኩላሊቱ ይጎዳል፤ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ጉዳቱ ይጸናል።

በሜርኩሪ ጉዳይ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ጸድቋል፤ አገራችንም ፈርማዋለች። ስያሜው የተወሰደው የባሕሩ ዓሣ በሜርኩሪ ተመርዞ ብዙ ሕዝብ ከተጎዳበት የጃፓን ከተማ ነው። የስምምነቱ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ የፍሎረሰንት አምፖሎች ምርትና ንግድ እስከ 2027 እንዲያበቃ ተስማምተዋል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ሥራ ይዞ ይመጣል። ሜርኩሪ በሌለው ኤልኢዲ የሚተኩት አሮጌዎቹ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ከጣሪያ ይወርዳሉ፤ የሚወርዱትም ወደ እኛው ግቢ ነው።

ወዴት ይቀመጡ? የሚቀናው ከዕቃ ቤቱ በር ኋላ ማቆም ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በዕቃ ቤት አልባሳተ ክህነት፣ መጎናጸፊያና የብራና መጻሕፍት አሉ፤ የተሰበረ አምፖል ዱቄት በጨርቅ ውስጥ ከገባ የሚወጣበት መንገድ ቀላል አይደለም። ሰንበቴ ቤትም አይሆንም፤ ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ነውና። የአብነት ተማሪዎች የሚያድሩበት ጎጆ አጠገብም አይሁን። ትንሽም ብትሆን ለብቻዋ የቆመች፣ ወለሏ ለስላሳ ሲሚንቶ የሆነ፣ መስኮቷ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከጸበሉ ምንጭ የራቀች ክፍል ትመረጥ። ምንጣፍ፣ ጆንያና ሣር አይነጠፍባት። ሸንቁር ያለበት የሳንቃ ወለል ዱቄቱን ስለሚይዝ አይመችም። እንዲህ ያለ ክፍል የሌለው አጥቢያ ማጠራቀሚያ ባይከፍት ይሻለዋል ብለን እናምናለን፤ የእርሱን አምፖሎች ክፍል ያለው አጎራባች አጥቢያ ይቀበለው።

አምፖሎቹ በመጡበት ካርቶን ይመለሱ፤ ካርቶኑ ከጠፋ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ ይጋደሙ። እንደ ጧፍ በገመድ ታስረው ጥግ ላይ አይቁሙ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። ጫፉ ላይ ላለችው ጥቂት አሉሚኒየም ብሎ አምፖሉን መስበርና ለቆራሌው መሸጥ ጨርሶ መከልከል አለበት። የሚገኘው ሳንቲም ነው፤ የሚተነፍሰው ግን ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጽዳቱ እንምጣ። በዚህ ክፍል መጥረጊያ አይገባም። የመጥረግ ልማዳችን የተመሰገነ ነው፤ እዚህ ግን መጥረጊያው ዱቄቱን አንሥቶ ወደ አየር ይበትነዋል፣ ራሱም ተበክሎ ወደ ሌላው ክፍል ይወስደዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መጥረጊያም ያው ነው። ወለሉ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁ ለሌላ ሥራ አይዋል፣ እጣቢውም ወደ ጅረት አይደፋ። የሚሠራው ሰው ነጠላውን ወይም ጋቢውን ውጭ ትቶ ቱታና ጓንት ይልበስ፤ ቱታው ወደ ቤት አይሂድ። በክፍሉ ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። ሲወጡ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ተራው የአፍ መሸፈኛ ዱቄቱን ጥቂት ይከለክል ይሆናል፤ ትነቱን ግን አይከለክልም፤ በእርሱ ተማምኖ መስኮት መዝጋት አይገባም።

አምፖል ቢሰበርስ? ሰው ሁሉ ይውጣ፤ መስኮቱ ይከፈት፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባው በር ይዘጋ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ከዚያ ጓንት ያጠለቀ አንድ ሰው ስባሪውንና ዱቄቱን በወፍራም ካርቶን ያፍስ፤ የቀረውን ብናኝ በሚጣበቅ ፕላስተር ያንሣ፤ በመጨረሻም በእርጥብ ሶፍት ይወልውል። ካርቶኑም፣ ፕላስተሩም፣ ሶፍቱም ክዳኑ በሚጠብቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ይግቡ። በቤተ መቅደሱ ምንጣፍ ላይ ቢሰበር ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው የሚቆሙበት፣ ሕፃናት የሚዳክሩበት ነውና። ያ ስፍራ ለጊዜው ይከለል፤ ምንጣፉ አይራገፍ፣ አይደብደብ። ስባሪው ተለቅሞ ብናኙ በፕላስተር ከተነሣ በኋላ ምንጣፉ በቀስታ ተጠቅልሎ ሰው ወደማይደርስበት ውጭ ይውጣና አየር ያግኘው፤ ዱቄቱ ዘልቆ የገባበት ክፍል ግን ተቆርጦ ቢወገድ ይመረጣል።

አምፖሉን ፈጭቶ ብርጭቆውን፣ አሉሚኒየሙንና ሜርኩሪውን መለየት አየር በማያሳልፍ መሣሪያ የሚከናወን የፋብሪካ ሥራ ነው፤ አጥቢያ አይሞክረው። የእኛ ድርሻ ሳይሰበር አቆይቶ ማስረከብ ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስላለ፣ ሰበካ ጉባኤው ክምችቱ ሳይበዛ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቅ፤ የርክክቡንም ሰነድ በመዝገብ ቤት ያኑር። ቁልፉ በቄሰ ገበዙ ወይም እርሱ በሚወክለው አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እጅ ይሁን፤ የገባው አምፖል ብዛትና ቀኑ በደብተር ይጻፍ። ለተማሪና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ይህን ሥራ መስጠት አይገባም፣ በፈቃዳቸው ቢጠይቁም እንኳ። ጓንቱ፣ ፕላስተሩና ማሰሮው ክፍሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይገዙ፤ ከበሩ አጠገብም ይቀመጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።