ጆንሰን የሚለው ስም በቀድሞዋ ቨርጂኒያ መዛግብት ውስጥ
(ለታሪክ ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣሁት ስለ አንድ ስም ለመናገር ነው። ስሙ ጆንሰን ነው። በአሜሪካ ይህን ስም የያዘ ሰው ስፍር ቁጥር ስለሌለው፥ «ከዚያ ሁሉ ጆንሰን የትኛውን ነው የምትፈልገው?» ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። የምፈልገው በ17ኛው መቶ ዓመት በቨርጂኒያ የምሥራቅ ጠረፍ የኖረውን የአንቶኒ ጆንሰንን ቤተሰብ ነው። አንቶኒ ጥቁር ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። እኛ ከስማችን ቀጥለን የአባታችንን ስም እንጠራለን፤ የልጃችን ልጅ ደግሞ ሌላ ስም ያስከትላል። ጆንሰንም በእንግሊዝ አገር መነሻው ይኸው ነው፤ ትርጓሜው «የጆን ልጅ»፥ በእኛ አነጋገር የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ስም በመካከለኛው ዘመን ባለበት ደርቆ መቅረቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባቱ ጆን ያልሆነውም ሁሉ ጆንሰን ይባል ጀመር። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም በቢሮ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲቀር ስናይ፥ ያ የጥንቱ ነገር በዓይናችን ፊት ይደገማል ማለት ነው። ለመርማሪ ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ስለ ያዙ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ከቶ አይቻልም።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በቦታ፥ በዓመት፥ በሚስትና በልጆች ስም፥ ከሁሉም በላይ በመሬት። በቨርጂኒያ ሕግ የአንድ ሰው የመርከብ ኪሣራ የከፈለ ሁሉ ስለዚያ ሰው 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ነበር። መሬቱን ለማግኘትም ያስመጣቸውን ሰዎች ስም ማስመዝገብ ነበረበት። እንግዲህ የአያሌ ድሆች ስም ሊገኝ የቻለው ጸሐፊው ስለ እነርሱ አስቦ ሳይሆን ባለጠጋው መሬት ስለ ፈለገ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የቨርጂኒያ መዛግብት በ1865 ዓ.ም. ሪችመንድ ስትቃጠል አብረው ጠፉ። የኖርዝሃምፕተን አውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ግን ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ ተርፏል። አንቶኒ ጆንሰን የኖረው በዚያ አውራጃ ነበር።

የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የደረሰውን መርከብ ይይዙና ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህ መንገድ ለምኞት የተመቸ ስለሆነ አልወደውም። ከታወቀው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል። የታወቀው ይህ ነው፤ በ1651 አንቶኒ ጆንሰን ስለ አምስት ሰዎች 250 ኤከር ተሰጠው። በእኛ በቀድሞው መለኪያ ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ቀጥሎ ቤቱን እሳት በላው፤ ፍርድ ቤቱም ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ከግብር ነፃ አደረገ። ውሳኔው በፌብሩዋሪ ስለ ተጻፈ በጊዜው ቁጥር 1652፥ በዛሬው ቁጥር 1653 ነው፤ እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ ዘመን የሚለውጡት በማርች 25 ቀን ነበርና። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አያስቸግርም፤ ሌላው መርማሪ ግን ስንት ጊዜ ልጅን ከአባቱ አስቀድሞ አስወልዷል!

በዚያ ውሳኔ ላይ ባልና ሚስቱ በቨርጂኒያ ከ30 ዓመት በላይ እንደ ኖሩ ተጽፏል። ስለዚህ ከ1623 በፊት መፈለግ አለብን። በ1625 መጀመሪያ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፥ በቤኔት እርሻ፥ በ1621 ጄምስ በተባለ መርከብ የመጣ «ኔግሮው አንቶኒዮ» እናገኛለን። በዚያው እርሻ በ1622 የመጣች «ኔግሮዋ ሜሪ» አለች። የጆንሰን ሚስት ስምም ሜሪ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን አንቶኒዎች አንድ የሚያደርጉት በዚህ ነው፤ የስሙ፥ የዓመቱና የሚስቲቱ መገጣጠም ለእኔም በቂ መስሎ ይታየኛል። በቆጠራው ላይ ግን ጆንሰን የሚል ቃል የለም። በ1625 የቤተሰብ ስም ያልነበረው ሰው በ1651 ባለ ርስትና ባለ ስም ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ሰውየውን ብቻ ለማመስገን የሚቸኩል ካለ ጥቂት ይታገሥ። በ1655 ጆንሰን ጎረቤቱን ሮበርት ፓርከርን ከሰሰ። ጆን ካሶር የተባለ ጥቁር ሠራተኛ «የገባሁት ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት ነበር፤ ጊዜዬ አልፏል» ብሎ ወደ ፓርከር ሄዶ ነበርና። ፍርድ ቤቱ ካሶርን ለጆንሰን መለሰው፤ ካሶርም ዕድሜውን በሙሉ ባሪያ ሆኖ ቀረ። የአባቶችን ስም የሚፈልግ ሰው ይህንንም ገጽ ሳይገነጥል ማንበብ አለበት። የካሶር ስም ለእኛ የደረሰን በጌታው ክስ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየከፋ ሄደ። በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ በእናቱ ሁኔታ እንዲቆጠር አዘዘ፤ እናቲቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው። ስለዚህ በባርነት የተያዙት ሰዎች የአባት ስም በሕግ ፊት ዋጋ አጣ። ከእነርሱም የሚበዙት በስማቸውና በቤተሰብ ስማቸው በመንግሥት ቆጠራ የተጻፉት በ1870 ነው። ወደ ኋላ የሚፈልጉ ልጆቻቸው ሁሉ ከዚያ ዓመት ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። የአንቶኒ ጆንሰን መዝገብ ከዚያ ግድግዳ ከ200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መዝለቁ እጅግ ብርቅ ነው።

ቤተሰቡ በ1665 ወደ ሜሪላንድ፥ ወደ ሶመርሴት አውራጃ ተሻገረ። አንቶኒ ከቨርጂኒያው መሬት 50 ኤከር ለልጁ ለሪቻርድ ትቶ ነበር። በ1670፥ አንቶኒ ከሞተ በኋላ፥ ዳኞች ተሰብስበው «ኔግሮ ስለ ነበረ ባዕድ ነው» በማለት መሬቱ ለዘውዱ ይመለስ ብለው ወሰኑ። ከ40 ዓመት በላይ በዚያ አገር ኖሮ፥ በእንግሊዝ ስም ተጠርቶ፥ በመንግሥት ማኅተም ርስት ይዞ፥ ባዕድ ተባለ። ጆንሰን የሚባል ነጭ ጎረቤቱ ቢሆን ይህ ፍርድ እንዴት በተነበበ ነበር?

የልጅ ልጁ ጆን ጆንሰን በ1677 በሶመርሴት 44 ኤከር ገዛ። እርሻውን ያስመዘገበበት ስም ግን ጆንሰን አልነበረም፤ «አንጎላ» አለው። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኋላ የዚህ ቤተሰብ ፈለግ ከመዝገቡ ይጠፋል።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያችሁ እተዋለሁ።