የተበከለ መሬት ወሰኑ የት ላይ ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ወንዝ ወይም በዳሩ ያለ እርሻ ተበክሎ እንደሆነ መርምሩ ስንባል፣ ብዙውን ጊዜ ናሙና የምንወስደው ከድልድይ አጠገብ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መኪና የሚደርሰው እስከዚያ ነው። ከዚያም የላቦራቶሪውን ውጤት ደምረን፣ ለናሙናዎቹ ቍጥር አካፍለን፣ አማካዩን በሪፖርታችን እናሰፍራለን። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምሻው ሐሳብ አጭር ነው። ይኸውም ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በስሌቱ ውስጥ ካልገባ፣ የላቦራቶሪው ሥራ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ውጤቱ ስለ መሬቱ የሚነግረን ጥቂት ነው የሚል ነው።

የዘዴው መነሻ የማዕድን ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ባሳተመው ጥናት፣ ከጥቂት ናሙናዎች ተነሥቶ የአንድን ክፍል የወርቅ መጠን መገመት እንዴት እንደሚያሳስት አሳየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን ሐሳቡን በጽኑ የሒሳብ መሠረት ላይ አቆመው፤ ዘዴውም በክሪግ ስም «ክሪጊንግ» ተባለ። ወርቅ ያለበትን ለመገመት የወጣው ዘዴ፣ መርዝ ያለበትንም ለመገመት አገልግሏል።

መሠረቱ ቀላል ነው። ተቀራራቢ ቦታዎች ይመሳሰላሉ፤ እየተራራቁ ሲሄዱ መመሳሰላቸው ይቀንሳል። ይህን በቍጥር ለመግለጽ ናሙናዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግን እናጣምራለን፤ ጥንዶቹን እንደ ርቀታቸው እንመድባለን፤ በየምድቡም የውጤቶቹን ልዩነት በራሱ አባዝተን የአማካዩን ግማሽ እናሰላለን። ይህ ከርቀቱ ጋር ሲነደፍ የሚገኘው መሥመር ቫሪዮግራም ይባላል። መሥመሩ ከፍ እያለ ሄዶ አንድ ርቀት ላይ ሲደርስ ይረጋል። ከዚያ ርቀት ወዲያ የተወሰደ ናሙና ስለዚህኛው ቦታ ለብቻው የሚመሰክረው ነገር የለም።

በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በኔዘርላንድስ፣ በስታይን መንደር አቅራቢያ፣ በማስ ወንዝ ዳር የሚገኘው የጎርፍ ሜዳ ነው። በዚያ ከ155 ቦታዎች የላይኛው አፈር ተወስዶ ካድሚየም፣ መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ተለካ። የዚንኩ መጠን በኪሎግራም አፈር ከ113 እስከ 1,839 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። አንዱ ከሌላው ከ16 እጥፍ በላይ በሚበልጥበት ሜዳ፣ አማካዩን ብቻ መናገር የትኛውንም ገበሬ አይጠቅምም። መጠኑ በሎጋሪዝም ተለውጦ ቫሪዮግራሙ ሲሠራ፣ መሥመሩ የሚረጋው 900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዝቃጩን ተሸክሞ የመጣው ወንዙ በመሆኑም፣ ብክለቱ የሚበረታው በወንዙ ዳርና በዝቅተኛው መሬት ነው።

ክሪጊንግ ይህን ዕውቀት ይዞ ናሙና ላልተወሰደበት ቦታ ግምት ይሰጣል። ለቅርቡ ናሙና የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ በአንድ ስፍራ የተሰበሰቡት ግን ክብደቱን ይካፈላሉ። ስለሆነም ከድልድዩ ሥር የተቀዱ 8 ናሙናዎች እንደ 8 ምስክሮች አይቈጠሩም። ከሁሉ በላይ ግን ከግምቱ ጋር የግምቱን ስሕተት ያሰላል። ቫሪዮግራሙ ከታወቀ፣ ይህ ስሕተት የሚወሰነው በናሙናዎቹ አቀማመጥ እንጂ በውጤታቸው አይደለም። ስለዚህ ለላቦራቶሪ አንድ ብር ሳናወጣ፣ ናሙናዎቹን በምን ያህል ርቀት ብንወስድ ምን ያህል እንደምንሳሳት አስቀድመን ማስላት እንችላለን።

ይህ ጉዳይ ወደ አገራችን ያመጣናል። የአዲስ አበባ ፍሳሽ የሚገባባቸው ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ፣ በመንገዳቸው የአትክልት ማሳዎችን ያጠጣሉ። ጎመኑና ቆስጣው የሚቀርበው ለከተማው ሕዝብ ነው። የማስን 900 ሜትር ወስደን በአቃቂ ላይ መጫን አንችልም፤ እያንዳንዱ መሬት የራሱን ቫሪዮግራም ይጠይቃል። አስተማማኝ ቫሪዮግራም ለመሥራትም በሙያው የሚመከረው ቢያንስ 100 ያህል ናሙና ነው። ከነዚህ አብዛኞቹ ሜዳውን በእኩል ርቀት ይሸፍኑ፤ ጥቂቶቹ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይወሰዱ፤ ከወንዙ ዳር ወደ ውጭ የሚዘልቅ መሥመርም አይቅር። ከወንዙ ያለው ርቀትና የመሬቱ ከፍታ በርካሽ ስለሚለኩ፣ ውድ የሆነውን የላቦራቶሪ ምርመራ ያግዛሉ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ካርታ ላይ የምናሰምረው ወሰን በሰው ኑሮ ላይ የሚሰመር ነው። ንጹሑን ማሳ ተበክሏል ብንል አንድን ቤተሰብ ከእንጀራው እናፈናቅላለን፤ የተበከለውን ንጹሕ ነው ብንል መርዙን በማዕድ እናቀርባለን። ሁለቱን ስሕተቶች ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም፣ መጠናቸውን መሸሸግ ግን ሙያችን አይፈቅድም። ስለሆነም የብክለት ካርታ ስናወጣ የስሕተቱን ካርታ አብረን እናውጣ፤ መጠኑ ከተፈቀደው ወሰን የማለፉ ዕድል በየማሳው ምን ያህል እንደሆነም እናሳይ፤ ናሙና ያልደረሰበትን ስፍራ በቀለም ከመሸፈን ባዶውን እንተወው። ባዶው ስፍራ በሚቀጥለው ጊዜ ከድልድዩ ወርደን በእግራችን የምንሄድበትን ይጠቁመናል።