ቃሉ የተለየው ዜማ፦ የገና መዝሙሮችን ለፒያኖ ስለ መምረጥ



የዕለቱ ርእስ ከታወቁት የገና መዝሙሮች መካከል ለፒያኖ ቢቀናበሩ የሚያምሩት የትኞቹ እንደ ሆኑ መመርመር ነው። «ቅንብር» ሲባልም አንድ ዜማ መጀመሪያ ከተሠራለት ድምፅ ወይም መሣሪያ ወደ ሌላ ሲዛወር አጃቢ ድምፆቹ፣ አካሄዱና መልኩ እንደ አዲስ የሚወሰኑበት ሥራ ማለት ነው። በዲስኩሩ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለምርጫው የተለመደው መነሻ ፍቅር ነው፤ ፒያኖ የሚጫወት ሰው ከልጅነቱ የሚወደውን መዝሙር ያነሣና ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን መዝሙር ከግጥምና ከዜማ የተሸመነ ስለ ሆነ፣ ፒያኖም ግጥም ስለማይናገር፣ አቀናባሪው ሥራውን ሳይጀምር የጨርቁን ድር ስቦ አውጥቶታል፤ የቀረው ማግ ብቻውን መቆም ይችል እንደ ሆነ ማወቅ ከፍቅር የሚቀድም ጥያቄ ነው።

ለዚህ ዋናው ማሳያ በጀርመንኛ «ሽቲለ ናኽት» (ጸጥ ያለ ሌሊት) የሚባለው መዝሙር ነው። ቄስ ዮዜፍ ሞር በ1816 የጻፈውን ግጥም መምህርና ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ፍራንዝ ክሳቨር ግሩበር ታኅሣሥ 24 ቀን 1818 ዜማ ሰጥቶት፣ በዚያው ሌሊት በሳልዝቡርግ አቅራቢያ በምትገኘው በኦበርንዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ድምፆች በጊታር ታጅበው ዘመሩት። ዜማው ከዝቅተኛው ድምፁ እስከ ከፍተኛው ዐሥራ አንድ የዜማ ደረጃዎችን የሚሸፍን፣ በረጃጅም ድምፆች ላይ የሚያርፍ እሹሩሩ ነው። ዘማሪ ረጅሙን ድምፅ ይዞ ሊያሳድገውና መልሶ ሊያሳንሰው ይችላል፤ በፒያኖ ግን መዶሻው ክሩን መትቶ ከተመለሰባት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ መክሰም ይጀምራል፤ ፔዳሉም ቢረገጥ መክሰሙን ያዘገየው እንደ ሆነ እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ብዙ አቀናባሪዎች ባዶውን ቦታ በበገና መሰል ሩጫ ሲሞሉት ይሰማል፤ ያን ጊዜም ልጁን ያስተኛ የነበረው ዜማ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። እጅግ የተወደደ መሆኑ ለፒያኖ የተመቸ አላደረገውም።

ጥያቄውን ከማንም ይልቅ በጥልቀት የመለሰው የሃንጋሪው አቀናባሪ ቤላ ባርቶክ ነው፤ ዲስኩሩም በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቢያጠፋ ታዳሚው እንዲታገሥ ይለመናል። በ1881 የተወለደው ባርቶክ የፒያኖ መምህር ሆኖ ሳለ ከ1909 ጀምሮ በትራንሲልቫኒያ በሚገኙ የሮማኒያውያን መንደሮች እየዞረ የገበሬውን ዜማ በፎኖግራፍ (ድምፅን በሰም ላይ በሚቀርጽ የዘመኑ መሣሪያ) ሰበሰበ። ከሰበሰበውም ውስጥ ኮሊንዳ የሚባሉ የገና ሰሞን መዝሙሮች ነበሩ። ልጆቹ ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድመው ይለማመዳሉ፤ በዋዜማውም ማታ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ በሁለት ተከፍለው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ ባለቤቱም ስጦታ ይሰጣቸዋል። ይህ ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ባዕድ አይሆንም፤ በቡሄ ሰሞን አውራጁ ሲያወርድ፣ ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሲቀበሉ፣ በመጨረሻም ሙልሙል ሲታደል ያየ ሰው የነገሩን ሥር ያውቀዋል። ሆያ ሆዬን ያለ ግጥም ለማንጎራጎር የሚሞክር ሰው ቃሉ ቢሄድም የዱላው ምት በጆሮው ሲቀር ያስተውላል፤ ባርቶክ በኮሊንዳ ውስጥ ያገኘውም ይህንኑ ነው።

በ1915 ከእነዚህ ዜማዎች ሃያውን መርጦ፣ ዐሥር ዐሥር አድርጎ በሁለት ተርታ ለፒያኖ አቀናበራቸው። ዜማዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ በጠባብ የድምፅ ክልል ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ለከተሜ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው ግን ምታቸው ነው፤ ሁለት ሲቆጠር የነበረው ሳይታሰብ ሦስት ይሆናል፣ ረጅሙ ስንኝ አጭሩን ተከትሎ ሲመጣ የምቱም ልክ አብሮ ይለወጣል። ሌላ አቀናባሪ ቢሆን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ባስተካከለው ነበር። ባርቶክ ግን አልነካውም፤ አጃቢውን ድምፅ ቁጥብ አድርጎ ዜማው ራሱ እንዲራመድ ለቀቀው። የምቱ አለመስተካከል የቃሉ ኮቴ ነውና፣ ግጥሙ ከወጣ በኋላም የእግሩ ዱካ በዜማው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ፒያኖም በመዶሻ የሚመታ መሣሪያ ስለ ሆነ ዱካውን ከማንም በላይ አጥርቶ ያሰማዋል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ባርቶክ እንደ ገለጸው ከኮሊንዳ ግጥሞች ምናልባት አንድ ሦስተኛው ከክርስቶስ ልደት ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ በቤተ ልሔም ፈንታ ሰው ከአንበሳ ወይም ከአጋዘን ጋር ሲዋጋ፣ ፀሐይ እኅቱን ጨረቃን ሲያጭ፣ አደን የወጡ ዘጠኝ ወንድማማቾችም አጋዘን ሆነው ሲቀሩ ይተረክባቸዋል። የዘጠኙ ወንድማማቾች ግጥም ባርቶክ በ1914 ከሰበሰባቸው ኮሊንዳዎች የተገኘ ሲሆን፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1930 «ካንታታ ፕሮፋና» ለተባለው የመዘምራንና የኦርኬስትራ ድርሰቱ መሠረት ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በ1915 ዜማውን ወስዶ ግጥሙን የተወው ሰው በ1930 ግጥሙን ወስዶ ዜማውን ተወ፤ ሙዚቃውን ራሱ አዲስ ደረሰው። ምሁራዊ ሥራውም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው፤ 484 ዜማዎችን የያዘውን የኮሊንዳ ጥናቱን በ1935 በራሱ ወጪ ሲያሳትም ግጥሞቹ አብረው አልወጡም፤ ዜማና ግጥም በአንድ መጽሐፍ የተገናኙት ባርቶክ በ1945 ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው። ድርና ማግ የተለያዩበት ይህን ያህል ዘመን ለአቀናባሪ የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅም ነው፤ የሚጫወተውን መዝሙር ግጥም ያላነበበ ሰው የምቱን ምክንያት አያውቅምና።

ከባርቶክ በፊት ፍራንዝ ሊስት በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። «የገና ዛፍ» የሚለውን የዐሥራ ሁለት ክፍል የፒያኖ ድርሰቱን ለልጅ ልጁ ለዳኒዬላ ፎን ቢዩሎ አበርክቶላት፣ በ1881 የገና ዕለት ሮም ውስጥ ባረፈችበት ሆቴል ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። በነባር መዝሙሮች ላይ የቆሙት ክፍሎች ከግማሽ ያነሱ ሲሆኑ፣ «አዴስቴ ፊዴሌስ» የተባለውን የላቲን መዝሙር የሰብአ ሰገል የጉዞ ማርሽ አድርጎታል። ቃሉን ያጣውን ዜማ እግር ሰጠው ማለት ነው፤ ይህም ብልሃት ከባርቶክ ግኝት እምብዛም አይርቅም።

ወደ ተባለው ምርጫ ለመመለስ ጊዜው አጥሯልና በአጭሩ እንዲህ ይባል። ሎዌል ሜሰን በ1839 ያሳተመው የ«ደስታ ለዓለም» ዜማ ስምንቱን የዜማ ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች በመውረድ ስለሚጀምር ለጣት የተመቸና ለጀማሪ የሚመከር ነው። የዩክሬናዊው ሚኮላ ሌዎንቶቪች «ሽቼድሪክ» በ1916 በኪየቭ በመዘምራን ተሰምቶ፣ በ1936 በፒተር ዊልሁስኪ የእንግሊዝኛ ቃል «የደወሎች መዝሙር» የሆነ ሲሆን፣ አራት ድምፆችን ያለ ዕረፍት ስለሚደጋግም ለፒያኖ የተፈጠረ ይመስላል። «ሽቲለ ናኽት» የግድ ይቀናበር ከተባለም አቀናባሪው ግራ እጁን የጥንቱን ጊታር ያህል ቁጥብ አድርጎ ቢተወው ይሻላል።

ከታዳሚው መነሣቱ የማይቀረው ጥያቄ በላሊበላ በገና ዕለት የሚዘመረው «ቤዛ ኵሉ» ለፒያኖ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። የያሬድ ዜማ በእስትንፋስ የሚረዝም፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሻገር ስለ ሆነ፣ በተቆረጠ ልክ የተቃኙት የፒያኖ ቁልፎች አይበቁትም፤ ሥፍራውም ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ባሉበት ነው። ይሁን እንጂ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከፊሎቹ ከዐለቱ አፋፍ በላይ፣ ከፊሎቹ ከግርጌ ቆመው እንደ መላእክትና እንደ ሰው እየተቀባበሉ የሚዘምሩበትን ሥርዓት አቀናባሪው ሊማርበት ይችላል፤ የትኛውንም የገና መዝሙር ይምረጥ፣ ቀኝ እጁን በቁልፎቹ ላይኛው ዳር፣ ግራውን በታችኛው አርቆ፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው እንዲመልስ፣ መካከሉን ባዶ ሊተወው ይችላል።