በአናት የተሰካ ጽሑፍ በየምድቡ ዝርዝር



የጊዜን ቅደም ተከተል የሚከተል ዝርዝር ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ አዲሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀደመው ወደ ታች ይወርዳል። በመሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ግን አንዳንዱ ወረቀት፣ ቀኑ ቢያልፍም ቁም ነገሩ ስላላለፈ፣ በሰሌዳው አናት በስፒል ተሰክቶ ይቆያል። የድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ወርድፕረስ ሲሆን፣ ጽሑፍን በዝርዝር አናት ሰክቶ የማቆየት ችሎታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው በ2.7 እትሙ ነው።

የአሠራሩ ውስጠ ነገር ቀላል ነው። አዘጋጁ አንድን ጽሑፍ እንዲሰካ ሲያዝ፣ የጽሑፉ መለያ ቁጥር በመረጃ ቋቱ ውስጥ፣ ለጠቅላላው ድረ ገጽ በተዘጋጀ አንድ መዝገብ ይገባል። አንባቢ ዋናውን የጽሑፎች ዝርዝር ሲከፍት፣ ፕሮግራሙ መዝገቡን ተመልክቶ የተሰኩትን ከሁሉ በላይ ያሰልፋል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያደርገው በዋናው ዝርዝር፣ ያውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው። አንባቢው በአንድ ምድብ በኩል የገባ እንደ ሆነ፣ የተሰካው ጽሑፍ ከሌሎቹ ሳይለይ በቀኑ ተራ ይቆማል። ለተሰካ ጽሑፍ የሚሰጠው የመልክ ምልክት እንኳ በዚያ አይወጣም።

ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሕንፃ መሠረት ባወጣው ሠንጠረዥ ስሕተት ተገኝቶ፣ ማረሚያ ጽፎ ሰካው እንበል። በዋናው ዝርዝር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ማረሚያውን ያያል። ሠንጠረዡን አስቀድሞ ገልብጦ የሚሠራበት፣ ዘወትርም የመሠረት ሥራን ምድብ ብቻ የሚከታተለው መሐንዲስ ግን፣ ማረሚያው ወደ ሦስተኛው ገጽ ከወረደ በኋላ አያገኘውም። ማስጠንቀቂያው የተሰወረው ይበልጥ ከሚያስፈልገው ሰው ነው።

መድኃኒቱ በፕሮግራሙ ላይ በሚጨመር አጭር ኮድ ይገኛል፤ ሦስት ነገሮችን ግን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ከመዝገቡ ውስጥ የዚያ ምድብና የንዑስ ምድቦቹ የሆኑት ብቻ ተለይተው ይወጣሉ፤ አለዚያ የሌላው ምድብ ማስታወቂያ ያለ ቦታው ይገባል። ሁለተኛ፣ የተለዩት በአናት ሲቀመጡ ከጊዜው ተራ ይወጣሉ፤ አለዚያ አንዱ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይታያል። ሦስተኛውና ብዙዎችን የሚያሰናክለው የገጾች ስሌት ነው።

በአንድ ምድብ 24 ጽሑፎች አሉ፣ ከእነርሱም 3ቱ የተሰኩ ናቸው፣ በየገጹም 10 ጽሑፍ ይታያል እንበል። የመጀመሪያው ገጽ 3 የተሰኩትንና ከቀሩት 21 ውስጥ 7ቱን ይይዛል። ሁለተኛው ገጽ እንግዲህ ከ8ኛው መጀመር ይኖርበታል። ፕሮግራሙ በለመደው ስሌት 10 ዘሎ ከ11ኛው ከጀመረ፣ 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው በየትኛውም ገጽ አይታዩም። የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ገጾቹም ሙሉ መስለው ይታያሉ። አንዱን ጽሑፍ ለማጉላት የተደረገው ጥረት ሦስቱን ይቀብራል። ስለሆነም ሥራው ተፈጸመ ከመባሉ በፊት፣ የገጾቹ ጽሑፎች አንድ በአንድ ተቆጥረው ከጠቅላላው ቁጥር ጋር መመሳከር ይገባቸዋል።

ኮዱ ከተስተካከለ በኋላም የሰው ድርሻ ይቀራል። ወርድፕረስ የተሰካውን ጽሑፍ ጊዜው አልፏል ብሎ በራሱ አይነቅልም፤ ሰው እስኪነቅለው ድረስ ተሰክቶ ይኖራል። በየምድቡ አናት ማስታወቂያ የበዛ እንደ ሆነ፣ አንባቢ ያንን ክፍል እየዘለለ ማንበብን ይለምዳል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ማረሚያ ከአሮጌው የስብሰባ ጥሪ ጋር አብሮ ይዘለላል። ስለዚህ ማንኛውም ጽሑፍ ሲሰካ የሚነቀልበት ቀንና የሚነቅለው ሰው አብረው ቢወሰኑ ይበጃል።

ዝርዝርን የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ አንባቢ ምን አስቀድሞ እንዲያይ ይወስናል። ውሳኔው በዋናው በር ብቻ ሳይሆን አንባቢ በሚገባበት በር ሁሉ ሲሠራ፣ የተሰካው ጽሑፍ የተሰካበትን ምክንያት ይፈጽማል።