ስልኩም ይደወል፤ ሰውም ይምጣ

(በዲላ ከተማ የሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክና ስለ ማኅበራዊ ኑሯችን ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል። ስልክ ክፉ ነው ልንል አልተነሣንም። እንዲያ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ንግግሩን ሳይጨርስ የገዛ ኪሱ ይጮህበታል።

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ተንቀሳቃሹ ግን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ እኛ ደረሰ። ከዚያ በፊት ከዲላ አዲስ አበባ ለመደወል ቴሌ ሄዶ ወረፋ መያዝ፣ ስም እስኪጠራ አግዳሚ ላይ መቀመጥ፣ ተራ ሲደርስ ደግሞ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» እያሉ መጮህ ነበር። የቤት ምስጢር ብናወራ እንኳ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማን ነበር እኮ!

ዛሬ ገበሬው ጓሮው ውስጥ ከእንሰቱ ሥር ቆሞ፣ የእሸት ቡና ዋጋ ወናጎና ይርጋ ጨፌ ስንት እንደዋለ ይጠይቃል። በሰው አገር ያለች ልጅ የእናቷን ፊት እያየች ታወራለች። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ብዙ ቤተሰብ የተፈላለገውና «አለሁ» የተባባለው በስልክ ነበር። ይህን ውለታ የሚክድ የለም።

ይሁንና በዚሁ ስልክ ምክንያት በሠፈራችን ውስጥ የደረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱንም ሳንደብቅ እንናገራቸው።

የመጀመሪያው የመርዶ ነገር ነው። ከጎረቤቶቻችን አንዲት እናት ከይርጋ ጨፌ ወደ ዲላ በሚኒባስ ሲመለሱ፣ ወናጎ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ቢያዩት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላል። ማን ሞቶ? ግራ ገብቷቸው ሳለ ሁለተኛው መልእክት ተከተለ። በሦስተኛው ላይ የወንድማቸው ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ወጣ። እዚያው መኪና ውስጥ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል፣ ደግፎ የሚይዛቸው ዘመድ በሌለበት መርዷቸውን ሰሙ። በዚያው ሰዓት እዚህ ሠፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ ማን እንደሚነግራቸው፣ ማን ከጎናቸው እንደሚቆም እየተማከሩ ነበር።

ፎቶግራፉን የለጠፈው ልጅ ክፉ አይደለም። አጎቱን ስለወደደ ነው ያደረገው። ግን እስቲ እናስብ፤ አባቶቻችን መርዶን በማለዳ፣ ሰው እቤቱ ሳለ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ውኃ ቀርቦ የሚያረዱት ሥራ ፈትተው ነው? ሰው በድንጋጤ ወድቆ እንዳይጎዳ ነው። ይህ ሥርዓት የወጣው ለሟቹ ሳይሆን ለሚሰማው ነው። ስልክ ፈጣን ነው፤ ለመርዶ ግን ፍጥነት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር የመተያየታችን መቅረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ስንደውል እንኳ በጥሪው ድምፅ ፈንታ እጅ ስለ መታጠብ የሚመክር ቃል ይሰማን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ በስልክ ማጽናናት የግድ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ልማዱ ከእኛው ጋር ተቀመጠ። ዛሬ ለቅሶ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ የማይርቀው ሰው «ደውዬላቸዋለሁ» ብሎ ይቀራል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ መዋጮውም በስልክ መግባት ጀመረ። ለገንዘብ ያዣችን እፎይታ ነው፤ ደብተሩም አይሳሳትም። ነገር ግን ቀድሞ መዋጮ ይዞ የሚመጣው ሰው እግረ መንገዱን የታመመ ይጠይቃል፣ የተኳረፈ ያስታርቃል፣ የቀረውን ሰው «ምነው ጠፋ?» ይላል። አሁን ገንዘቡ ይገባል፤ ሰውየው አይታይም።

አንድ አዛውንት አባላችን ወድቀው ሦስት ቀን ብቻቸውን እቤት ተኝተዋል። እኛ አላወቅንም። ለምን? ሩቅ ያሉት ልጃቸው መዋጯቸውን በጊዜው በስልክ ስለሚልኩ፣ በደብተራችን ላይ «ተገኝተዋል» ብለን ምልክት አድርገንባቸው ነበር። ያገኟቸው ጀበና ልትዋስ የገባች የጎረቤት ልጅ ናት። ጥፋቱ የቴሌብር አይደለም፣ የልጃቸውም አይደለም። የእኛ የኮሚቴው ነው። ገንዘብ መድረሱን ሰው ደኅና መሆኑ አድርገን ቆጠርነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጎረቤት የሚሻለው በሩ ስለሚንኳኳ ነው። በጌዴኦ ባህልም ነገር በሶንጎ የሚታየው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት እየተደማመጡ ነው። ፊቱ ያልታየ ሰው ሐዘኑም ሕመሙም በውል አይታወቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቅርበናል፤ ተወያዩበት።

አንደኛ፣ መርዶ በስልክ አይነገር። በውጭ አገር ላለ ልጅ ሲሆን አስቀድሞ አጠገቡ ላለ ወዳጁ ይደወልና፣ እሱ ሰው ይዞ ሄዶ ያርዳው።

ሁለተኛ፣ የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ መረዳቱን ሽማግሌዎች ሳያረጋግጡ የሟች ፎቶግራፍ አይለጠፍ፣ የማጽናኛ መልእክትም አይላክ።

ሦስተኛ፣ በድንኳን ውስጥ የስልክ ድምፅ ይዘጋ። የሚያለቅስ ሰው ያለፈቃዱ አይቀረጽ።

አራተኛ፣ መልእክት ተላከ ብለን ጡሩምባውን አንስቀል። ስልክ የሌላቸው፣ ቢኖራቸውም ጽሑፉ የማይታያቸው አባላት አሉን።

አምስተኛ፣ ሩቅ ያለ ሰው ቢደውል እናመሰግናለን፤ ከተማው ውስጥ ያለ ጤነኛ ሰው ግን በእግሩ ይምጣ። መዋጮውን በስልክ የሚከፍል አባልም በወር አንድ ቀን በአካል ይታይ። ያልታየውን ደግሞ ኮሚቴው ሄዶ በሩን ያንኳኳል፤ ይህ የእኛ ግዴታ ይሁን።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ያልነው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ስልኩን ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለእናቶችና ለአባቶች መልእክት አንብቡላቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር አገናኟቸው። ካገናኛችኋቸው በኋላም ቶሎ አትሂዱ፤ ትንሽ ተቀመጡ።

ንግግራችንን በዚሁ እናበቃለን። እናቶች ቡናውን አቅርበዋል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ እስከ በረካው እንድትቆዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።