የአያቴ ታኮ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ ከክፍላችን አንድ ተማሪ እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ስለ ተፈቀደልኝ፣ ከታሪክ መምህራችን ጋር አዲስ አበባ ሄደን ስላየናቸው አሮጌ መኪኖች ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ነገር ግን ንግግሬ በአዲስ አበባ ጀምሮ በቤታችን ጓሮ ስለሚያልቅ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ የተሸፈነውም ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አሳያችኋለሁ።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን የውሽውሽን የሻይ ተክል፣ ቦንጋን፣ ጎጀብን፣ ጅማንና የግቤን ቆላ አልፈን ሲመሽ ከተማው ገባን። በአስፋልቱ ላይ ገሚሳችን ስንዘፍን፣ ገሚሳችን ስናንቀላፋ ነበር የዋልነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ይህን መንገድ እንዴት ያልፉት እንደ ነበር ያሰበ አንድም አልነበረም። እኔም ብሆን አላሰብሁም።

በማግሥቱ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትን ጎበኘን። ይህ ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ በዚያው ምክንያት ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። ታድሶ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከዙፋኑና ከስጦታ ዕቃዎቹ ሁሉ ይልቅ እኛን ተማሪዎችን የሳበን በቤተ መንግሥቱ ያገለገሉት የጥንት መኪኖች ናቸው። ረጃጅሞች ናቸው፤ የፊት መብራታቸው እንደ ድስት ይተልቃል፤ ቀለማቸው መስተዋት ይመስላል። አንዱ ጓደኛችን ጸጉሩን በመኪናው በር እያየ ሲያስተካክል አስጎብኚዋ ሳቀችበት። «በዓይን እንጂ በእጅ አይደለም» ብላም አስጠነቀቀችን።

መምህራችን ግን ዝም ብለን እንድናደንቅ ብቻ አልተዉንም። በአገራችን መኪና እንዴት እንደ ተጀመረ እዚያው ቆመን አስረዱን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ወደብ አንሥቶ፣ መንገድ ባልተሠራበት በረሃ ነድቶ አዲስ አበባ አደረሰ። ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ወዲያው ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ከእነዚህ በፊት ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበረ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው እርሱን ነው።

ቀጥለውም መምህራችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉን፤ «ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የመሰሉ መኪኖች ነበሯቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ግን ከዚሁ ግቢ የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ነው።» ሁላችንም ጸጥ አልን። መኪና ብረት ብቻ አለመሆኑን፣ የሰው ታሪክም አብሮት እንደሚሄድ ያን ዕለት ገባኝ።

ወደ ሚዛን ስንመለስ አንዲት የክፍላችን ልጅ መምህራችንን፣ «ጋሼ፣ እነዚህ የንጉሥ መኪኖች ናቸው፤ የእኛን አገር ቡና ያመላለሱት መኪኖችስ የት ይታያሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህራችን ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ቦንጋ ላይ ለቡናው ሙዚየም ተሠርቶለታል፤ ቡናውን ላጓጓዘው ግን የተሠራለት አላውቅም፤ እስቲ እናንተ ፈልጉ» አሉ። እኔ ይህን ፍለጋ የጀመርሁት ከዚያ ቀን አንሥቶ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ይህን ነው። ካሚዮን ሳይመጣ የዚህ አገር ቡና የሚጓዘው በሰው ሸክምና በበቅሎ ነበር። አንዱ መንገድ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ነው። በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው ውል መሠረት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አቋቁመው ነበር፤ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ቡናውን ጭነው ወደ ሱዳን ይወርዱ ነበር። በኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 የሚባሉት አውሮፕላኖቹ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ከዚህ አካባቢ ሰውና ቡና ያጓጉዙ እንደ ነበር ሽማግሎች ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ የካሚዮኑ ዘመን መጣ።

ስለ ካሚዮኑ ዘመን ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አያቴ የካሚዮን ሾፌር ነበሩ። በጓሯችን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አንድ ፊያት ቆሟል። ሰው «ኤንትሬ» የሚለው ዓይነት ነው። ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ገብተዋል፤ በጋቢናው ውስጥ ዶሮ ትፈለፍላለች። ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ ቆሞ ስላየሁት፣ ከአዲስ አበባ እስክመለስ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አልመረመርሁትም ነበር።

መሪው በቀኝ በኩል መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱን አያቴን ብጠይቃቸው፣ «ጣሊያኖቹ ለተራራ መንገድ ነው የሠሩት። በቀኝ የተቀመጠ ሾፌር የገደሉን ጠርዝ ከጎማው ሥር ቁልቁል ያየዋል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሾፌሩ ጠርዙን ያያል፤ ረዳቱ ግን ከኋላ በእግሩ ነው የሚሄደው» አሉ።

እርሳቸው በ1964 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት በረዳትነት ነው። በዚያ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለ ነበረ፣ ቡና የጫነ ካሚዮን ዳገት ሲወጣ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ አጠገብ ታኮ ይዞ ይከተላል። ካሚዮኑ ኃይል አጥቶ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር፣ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ታኮውን ከጎማው ሥር መወተፍ አለበት። አንድ አፍታ ከዘገየ ካሚዮኑም፣ ቡናውም፣ ሾፌሩም ገደል ይገባሉ። ከቸኮለ ደግሞ እጁ ከጎማው ሥር ይቀራል።

አያቴ ከጎጀብ ወዲህ ባለው ዳገት ላይ በአንድ የክረምት ሌሊት የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አጥተዋል። ካሚዮኑ ግን ቆመ። ሾፌሩ በነጠላ አሥሮላቸው ጅማ አደረሳቸው። ቁስሉ እስኪሽር ሁለት ወር ተቀመጡ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ምን ሠሩ ብትሉ፣ ከጥሩ እንጨት አዲስ ታኮ አስጠርበው፣ በብረት ቀለበት አስጠፍረው፣ የአንድ ክንድ ተኩል ርዝመት ያለው የብረት እጀታ አስበየዱለት። ከዚያ ወዲህ ታኮውን የሚወትፉት ቆመው፣ እጃቸውን ከጎማው አርቀው ነው። ሌሎች ረዳቶችም አይተው እንደዚያው አስደረጉ። «ጣት ከሄደ በኋላ የመጣ ብልሃት ነው፤ ግን ለሌላው ጣት ደረሰ» ይላሉ።

አሁን ደግሞ ከአገራችን ወጥቼ ስለ አንድ ሌላ ሙዚየም ላንሣ። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር፣ ኦካላ በምትባል ከተማ «ድራግ ሬስ» ለሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ሙዚየም እንዳለ አነበብሁ። በዚህ ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር ያህል ይሮጣሉ። ይህም የእግር ኳስ ሜዳችን ርዝመት አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ እነርሱ ግን በጥቂት ሰከንድ ይጨርሱታል።

ሙዚየሙን ያቋቋመው ዶን ጋርሊትስ የሚባል ተወዳዳሪ ነው። በእርሱ ጊዜ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከሞተሩ በስተኋላ ስለ ነበረ፣ የማርሹ ሳጥን በእግሮቹ መካከል ይውላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ውድድር ሲጀምር የማርሹ ሳጥን ፈንድቶ የቀኝ እግሩን መርገጫ ከፊሉን ቈረጠው። ጋርሊትስ ውድድሩን አልተወም። ሞተሩን ከሾፌሩ በስተኋላ ያደረገ አዲስ መኪና ሠራ፤ በ1971ም በእርሱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። እርሱ የሠራቸው መኪኖች ዛሬ በሙዚየሙ ተሰልፈው ይታያሉ። ልጆች ገብተው ሲያዩ የመኪናውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከጉዳቱ ምን እንደ ተማረ ይመለከታሉ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቼ አያቴን አየኋቸው። እንደ ልማዳቸው በካሚዮኑ መርገጫ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በአሜሪካ እግሩን አጥቶ መኪና ያሻሻለ ሰው ሙዚየም አለው። በእኛ አገር ጣቱን አጥቶ ታኮ ያሻሻለ ሰው ግን ስሙ በአንድ ደብተር ላይ እንኳ አልተጻፈም።

ወላጆቼ፤ እዚህ ላይ የቤታችንን ጉዳይ ብናገር እንዳትቈጡኝ። ካሚዮኑ ሊሸጥ ነው። የውዳቂ ብረት ነጋዴ መጥቶ ዋጋውን በኪሎ ተነጋግሯል። እኔ በመጀመሪያ በጣም አዝኜ አባቴን «አይሸጥ» ብዬ ለመንሁት። አባቴም፣ «ገንዘቡ የእኅትህ የኮሌጅ መክፈያ ነው። የቆመው ይሂድና የምትሄደው አትቁም» አለኝ። መልስ አጣሁ። አያቴም ቢሆኑ፣ «ብረቱ ይሂድ፤ ብረት ሥራውን ጨርሷል» ብለው ፈቀዱ። ስለዚህ ካሚዮኑ ይቆይ ብዬ ዛሬ እናንተን አልለምንም። እኅቴ መማር አለባት።

የምለምነው ሌላ ነገር ነው። ካሚዮኑ ከመወሰዱ በፊት እኔና አራት ጓደኞቼ ርዝመቱንና ወርዱን ለክተናል፤ ፎቶግራፍ አንሥተናል፤ አያቴ የነገሩንንም በሁለት ደብተር ጽፈናል። በሚዛን፣ በቴፒና በአማን እንደ አያቴ ያሉ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ጭነት አውራጆች፣ መካኒኮችና በመንገድ ዳር ምግብ ያበስሉላቸው የነበሩ እናቶች አሉ። ሁሉም አርጅተዋል። እኛ ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ ሰው ጠይቀን አንድ ደብተር ብንጽፍ፣ የዚህ አገር መንገድ ታሪክ ከመቃብር ይተርፋል። ለዚህ ቤተ መንግሥት አያስፈልግም፤ ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

አሁን ጨርቁን ላንሣው። እነሆ፣ ይህ የአያቴ ታኮ ነው። ብረት ነጋዴው እጀታውን ከካሚዮኑ ጋር ሊመዝነው ፈልጎ ነበር፤ አያቴ ግን፣ «እርሱስ አይመዘንም» ብለው ወሰዱት። ትናንት ማታ ለእኔ ሰጥተው፣ «ለትምህርት ቤቱ ስጥ» አሉኝ። እንጨቱ በጎማ ተበልቷል፤ ቀለበቱ ዝጎአል። እንደ ቤተ መንግሥቱ መኪኖች አያብረቀርቅም። እዚህ ግን አስጎብኚ የለምና በእጃችሁ ንኩት፤ አንሡትና ክብደቱን ዕወቁ።

አያቴ እዚያ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠዋል። መነሣት ስለሚከብዳቸው፣ ከንግግሬ በኋላ እናንተ ወደ እርሳቸው ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ጠይቄአለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው።